የተሰጠ ፈቃድ ሲመለስ፦ የድንጋይ ካባና የመንደርተኛው አቤቱታ

ቢስሚላሂ አር-ረሕማን አር-ረሒም።



ከመካነ ኢየሱስ ወጣ ብሎ ወደ ሰሜን ምሥራቅ የተመለከተ ሰው ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍታ ያለውን የጉና ተራራ ያያል። ወደ ጣና የሚገቡት የርብና የጉማራ ወንዞች የሚነሱት ከዚሁ ተራራ ነው። ጉና በጥንት እሳተ ገሞራ የተፈጠረ ሲሆን፣ ዝናቡ በጓሳው፣ በአስታውና በተሰነጣጠቀው ጥቁር ድንጋይ ውስጥ ሰርጎ ከግርጌው ምንጭ ሆኖ ይወጣል። ተራራው የማኅበረሰብ ጥብቅ ስፍራ ተብሎ የተከለለውም ያለ ምክንያት አይደለም።

እንዲህ ባለ ቦታ የድንጋይ ካባ ይከፈት ቢባል ምን ይከተላል? በመጀመሪያ ሣሩና ለም አፈሩ ይገፈፋል። ከዚያ ድንጋዩ ተሰርስሮ በፈንጂ ይፈነዳል፣ በክሬሸር ይፈጫል። ውኃው የሚያልፍበት ስንጥቅ ከተቆረጠ ምንጩ ሊደርቅ ወይም ሊደፈርስ ይችላል፤ አቧራውም በማሳና በቤት ላይ ያርፋል። ድንጋይ አያስፈልግም ማለታችን ግን አይደለም። መንገዱም፣ ትምህርት ቤቱም፣ መስጊዳችንም የሚሠራው በድንጋይና በጠጠር ነው። ጥያቄው ከየት ይውጣ፣ በማንስ ኪሣራ የሚለው ነው።

በዚህ ረገድ አቡ ዳውድና ቲርሚዚ የዘገቡት አንድ ታሪክ አለ። አብየድ ኢብኑ ሐማል የተባሉ ሰሓባ ወደ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) መጥተው በየመን መእሪብ የሚገኘውን የጨው ማዕድን እንዲሰጧቸው ጠየቁ፤ ተሰጣቸውም። ሰውየው ሲሄዱ በስብሰባው ከነበሩት አንዱ፣ የሰጡት ነገር እንደማይነጥፍ ውኃ ሁሉም የሚጠቀምበት መሆኑን ለነቢዩ አስረዱ። ነቢዩም (ሰ.ዐ.ወ.) ፈቃዱን መልሰው ወሰዱት።

ልብ በሉ! ተናጋሪው ዝም አላሉም፣ አመፀኛም አልተባሉም። የአላህ መልእክተኛም አንዴ ሰጥቻለሁ ብለው በውሳኔው አልጸኑም። ዛሬ አንድ የቢሮ ኃላፊ ማኅተም ካረፈበት ወዲያ የማይነካ የሚመስለው ወረቀት በዚህ ሚዛን ሲታይ አደራ እንጂ ሌላ አይደለም። ሒማ የሚባለው ሥርዓትም ለዚህ ቅርብ ነው፤ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) በመዲና አጠገብ ነቂዕ የተባለውን ግጦሽ ለሕዝብ ጥቅም ከልለዋል፣ ኸሊፋ ዑመርም (ረ.ዐ.) ረበዛን ከልለዋል።

በአገራችንም ፈቃድ በሕዝብ አቤቱታ ሲታገድ አይተናል። በኦሮሚያ ጉጂ ዞን ሻኪሶ አጠገብ ያለው የለገደንቢ የወርቅ ማዕድን ከ1990 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ ለ20 ዓመት በሚድሮክ ጎልድ እጅ ሠርቷል። ፈቃዱ በ2010 ዓ.ም. ለተጨማሪ 10 ዓመት ሲታደስ ነዋሪው አደባባይ ወጣ። ፅንስ ይጨናገፋል፣ ሕፃናት የአካል ጉዳት ይዘው ይወለዳሉ፣ ከብቶቻችን ያልቃሉ የሚል ነበር እሮሮው። የማዕድን ሚኒስቴር በግንቦት 2010 ፈቃዱን አገደ። ማዕድኑ በ2013 ዓ.ም. እንደገና ሥራ ጀምሯል። ወርቅና የግንባታ ድንጋይ አንድ አይደሉም፤ ለድንጋይ ሲያናይድ አያስፈልግም። ነዋሪው ግን በሁለቱም ቦታ ማወቅ የሚፈልገው ያው ነው፦ ውኃዬ ምን ይሆናል?

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የማያውቀውን ሕግ እንጥቀስ። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 92 የሚመለከተው ሕዝብ በአካባቢ ላይ በሚሠሩ ፕሮጀክቶች ላይ ሐሳቡን እንዲሰጥ መብት ይሰጠዋል። የአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማ አዋጅ ቁጥር 299/1995 የጥናቱ ሪፖርት ለሕዝብ ክፍት ሆኖ አስተያየት እንዲሰበሰብበት ያዛል። የብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 ደግሞ ማንም ሰው፣ በግሌ ተጎድቻለሁ ብሎ ማስረዳት ሳይጠበቅበት፣ ለአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት አቤት ማለት ይችላል ይላል። በ30 ቀን መልስ ካጣ ወይም በውሳኔው ካልረካ በ60 ቀን ውስጥ ፍርድ ቤት ይሄዳል።

ስለዚህ ካባ ሊከፈት ነው የሚል ወሬ የሰማ ወንድም መጀመሪያ ወሬውን ያጣራ። የግንባታ ድንጋይ ፈቃድ የሚሰጠው በክልል ደረጃ በመሆኑ፣ ጥናቱ ተሠርቶ እንደሆነ እዚያው ይጠይቅ፤ ቅጂውንም ይለምን። ምንጮቹን፣ የመቃብር ቦታውንና የግጦሹን መሬት ሙስሊሙም ክርስቲያኑም ጎረቤት አብረው ይቁጠሩ፣ በአንድ ማመልከቻም ይፈርሙ። ውኃው የሁሉም ነውና። ማሽን ማቃጠል፣ መንገድ መዝጋት፣ የቀን ሠራተኛን መደብደብ ግን ሐራም ነው። ላቡን አንጠፍጥፎ ድንጋይ የሚፈልጠው ድሃ ፈቃዱን አልሰጠም።

ማመልከቻው ሲገባ የገባበት ቀንና የመዝገብ ቁጥር ይያዝ። 30ው ቀን የሚቆጠረው ከዚያ ነው።