ቲክቶክ የማይመቸው ስልክ

ከስልክ ሱስ ለመላቀቅ ቁልፍ ስልክ የምትጠይቁኝ የደብረ ማርቆስ ልጆች፣ ሐሳባችሁ ጥሩ ነው። ቴሌብር በ*127#፣ የንግድ ባንክ ሒሳብም በ*889# ያለ ኢንተርኔት ይሠራል። የክፍላችሁ መልእክትና ፒዲኤፍ በቴሌግራም የሚላክ ከሆነ ግን ተች ያስፈልጋችኋል።

ያኔ እኔ የምመክረው 2 ጊጋ ራም ያለው፣ አንድሮይድ ጎ የተጫነበት ስልክ ነው። ይህ ሲስተም ለአነስተኛ ራም የተሠራ ስለሆነ ቴሌግራምን ይችላል፤ ቪዲዮ ስታገላብጡበት ግን ይንቀራፈፋል፤ ለእናንተ ጥቅሙም እሱ ነው። 1 ጊጋ አትግዙ፤ ቁጥር ለመደወል እንኳ ያበሳጫል። መብራት ለሚጠፋበት ቤት 5000 ሚሊአምፒር-ሰዓት ባትሪ ፈልጉ። ገንዘብ ሳትከፍሉ *#06# ደውሉና የሚመጣውን ቁጥር ከካርቶኑ ጋር አመሳክሩ።

ስልኩ እንደተከፈተ ከጥሪና ከኤስኤምኤስ በቀር የሁሉንም ኖቲፊኬሽን አጥፉ።