«ቼ በለው» የየትኛው ዘመን ነው? ስለ ዋልያስ ባንድ አልበምና ስለ አድናቂዎቹ

ፈረሰኛ ፈረሱን፣ ባለበቅሎም በቅሎውን «ቼ!» ብሎ ያስነሣል። «ቼ በለው» ማለት እንግዲህ ኮርኩረው፣ ንዳው፣ ወደፊት ይሂድ ማለት ነው። ዋልያስ ባንድ በዚህ ስም የሚጠራውን ትልቅ ሸክላ በካይፋ ሪከርድስ አሳታሚነት ያወጣው በ1977 ነበር (በዚህ ጽሑፍ «ዓ.ም.» የሚል ካልተጨመረበት በቀር ዓመታቱ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። መሪ ድምፃዊ የለውም፤ ዜማውን የሚሸከሙት መሣሪያዎች ናቸው። ዛሬ በአገር ውስጥም ሆነ በውጭ ስለ ኢትዮጵያ ዘመናዊ ሙዚቃ በሚወራበት ቦታ ሁሉ ስሙ ይነሣል፤ አድናቂዎቹም አብዛኛውን ጊዜ ከ«ወርቃማው ዘመን» ፍሬዎች መካከል ይመድቡታል። የዚህ አጭር ጽሑፍ ክርክር ይህ ምደባ አልበሙን ከተሠራበት ዓመትና ከተሠራበት ሰፈር ነቅሎ የሚወስድ መሆኑን፣ በመነቀሉም ከሙዚቃው አንዳንድ ነገር እንዳንሰማ የሚያደርገን መሆኑን ማሳየት ነው።

በቅድሚያ አልበሙ የማን ሥራ እንደሆነ ማስታወስ ይገባል። ኦርጋኑን የሚጫወተው ኃይሉ መርጊያ ነው። ሳክስፎንና ዋሽንቱን ሞገስ ሀብቴ፣ ቤዝ ጊታሩን መላኩ ገብሬ፣ ድራሙን ተማረ ሐረጉ፣ ጊታሩን ማሕሙድ አማን፣ ትራምፔቱን ዮሐንስ ተኮላ፣ ፒያኖውን ግርማ በየነ ይዘዋል። ሙላቱ አስታጥቄ ደግሞ በእንግድነት ቫይብራፎን ተጫውቷል። ከአልበሙ ዜማዎች በዓለም ዙሪያ ይበልጥ የታወቀው «ሙዚቃዊ ስልት» የግርማ በየነ ድርሰት ነው። ግርማ ራሱ ድምፃዊም አቀናባሪም መሆኑን ስናስብ፣ የዚያ ትውልድ የቃል ሰው እጅግ የዘለቀ ሥራው ቃል የሌለው መሆኑ ያስገርማል።

በሮክ ሙዚቃ አድናቂዎች ባህል የሰባዎቹ አልበም እንደ አንድ ወጥ ድርሰት ይደመጣል። የፒንክ ፍሎይድን የ1973 «ዘ ዳርክ ሳይድ ኦፍ ዘ ሙን» የሚያደንቅ ሰው ከመጀመሪያው የልብ ትርታ እስከ መጨረሻው ሳያቋርጥ መስማትን የአድናቆቱ መለኪያ ያደርገዋል። በአዲስ አበባ ግን ይህ ልማድ የሚያድግበት መሬት ጠባብ ነበር። አምኃ እሸቴ በ1969 አምኃ ሪከርድስን ከመሠረተበት ጊዜ አንሥቶ የሸክላ ኅትመት እስካከተመበት እስከ 1978 ገደማ የወጡት ትልልቅ ሸክላዎች በአሥሮች የሚቆጠሩ ሲሆኑ፣ ሁለት ዘፈን የሚይዙት ትንንሾቹ ግን በመቶዎች ነበሩ። ሕዝቡ ሙዚቃ የሚሰማው ከትንሿ ሸክላ፣ ከሬዲዮና ከመድረክ ነበር፤ ቀጥሎም ካሴት መጣ። ስለዚህ «ቼ በለው»ን እንደ ወጥ አልበም የሚያከብረው አደማመጥ በአመዛኙ በኋላ የመጣ ነው። የዚያን ጊዜው አድናቂ ባንዱን የሚያውቀው በሌሊቱ ነበር።

ሌሊቱን ለመረዳት ወደ መስቀል አደባባይ መሄድ ያስፈልጋል። ከአደባባዩ አጠገብ ግዮን ሆቴል አለ። ከዚያ በዳግማዊ ምኒልክ ጎዳና ወደ ላይ፣ በ1961 የተመረቀውን የአፍሪካ አዳራሽ አልፎ ለሚወጣ ሰው ሒልተን ሩብ ሰዓት ያህል የእግር መንገድ ነው፤ ከጀርባው ካዛንቺስ ይጀምራል። ዋልያስ የሒልተን ባንድ ነበር። ዳሕላክ ባንድ የግዮን ነበር፤ ኃይሉ መርጊያም በ1978 ከዳሕላክ ጋር «ወደ ሐረር ጉዞ» የተባለውን ሥራ የቀረጸው በዚያው በግዮን ነው። የዘመኑ የመሣሪያ ሙዚቃ ዋና ዋና ሥራዎች እንግዲህ በአንድ አደባባይና በአንድ ጎዳና ዙሪያ የተሰባሰቡ ነበሩ ማለት ይቻላል።

ያ አደባባይ በዚያን ጊዜ መስቀል አደባባይ አይባልም፤ አብዮት አደባባይ ነበር። ሚያዝያ 9 ቀን 1969 ዓ.ም. ሊቀመንበር መንግሥቱ ኃይለ ማርያም በሕዝብ ፊት ቀይ ፈሳሽ የተሞሉ ጠርሙሶችን ወርውሮ የሰበረው በዚህ ቦታ ላይ ነው። በአውሮፓውያን አቆጣጠር ቀኑ ኤፕሪል 17፣ ዓመቱ 1977 ነው። አልበሙ የወጣበት ዓመት ማለት ነው። ዛሬ በአደባባዩ ዳር የቆመው የቀይ ሽብር ሰማዕታት መታሰቢያ ሙዚየም በ2010 ሲከፈት ለዚያ ዓመትና ለተከታዮቹ ሙታን ቤት ሆነላቸው። ሙዚየሙን ጎብኝቶ፣ በጆሮ ማዳመጫው «ሙዚቃዊ ስልት»ን እየሰማ ወደ ሒልተን የሚወጣ ወጣት አንድን ዓመት ሁለት ጊዜ እያለፈበት መሆኑን ላያውቅ ይችላል። እኔም ለረጅም ጊዜ አላወቅሁም ነበር።

ለዚህ አለማወቅ አንዱ ምክንያት የዘመን አቆጣጠር ነው ብዬ አምናለሁ። የውጭ አገር አሳታሚዎች ይህን ሙዚቃ «ወርቃማዎቹ ሰባዎች» በሚል መጠሪያ አስተዋወቁት። በአማርኛ ግን እነዚያው ዓመታት በብዛት «ስድሳዎቹ» ናቸው፤ «የስድሳዎቹ ትውልድ» ስንል ደግሞ ሙዚቀኛ አይታወሰንም፤ ሰልፍ፣ የመሬት ላራሹ ጥያቄ፣ የድርጅት ሽኩቻ፣ እስርና ሞት ነው የሚታወሰን። 1977 እስከ መስከረም 1 ድረስ 1969 ዓ.ም. ሲሆን ከዚያ ወዲህ 1970 ዓ.ም. ነው። አልበሙ በአንደኛው አቆጣጠር በሰባዎቹ መገባደጃ ላይ፣ በሌላው በስድሳዎቹና በሰባዎቹ ድንበር ላይ ይገኛል። አንዱን ዓመት ሁለት ስም ስለያዘው ሁለት የተለያዩ ትዝታዎች ጎን ለጎን ሳይተዋወቁ ኖረዋል። ወርቃማው ዘመን የሚለው አጠራርም በዋነኛነት የንጉሡን የመጨረሻ ዓመታት፣ የውቤ በረሃንና የሌሊት ክበቦችን ዓለም ስለሚያመለክት፣ ከ1974 በኋላ የተሠራ ሥራ በውስጡ ሲመደብ ሳይታወቅ ወደ ኋላ ይጎተታል።

አልበሙን ወደ ዓመቱ ስንመልሰው ግን የምንሰማው ነገር ይለወጣል። በደርግ ዘመን ሰዓት እላፊ ነበር። እኩለ ሌሊት ካለፈ በኋላ መንገድ ላይ መገኘት አደጋ ስለሆነ፣ ሊዝናና የወጣ ሰው ሰዓቱ ሳይደርስ ወደ ቤቱ ይመለሳል፤ አለዚያም በሩ ተዘግቶበት እስኪነጋ ከውስጥ ያድራል። ሌሊቱን ሙሉ የማይወጣ ታዳሚ ያለው ባንድ ደግሞ ለሦስት ደቂቃ ዘፈን አይቸኩልም። «ሙዚቃዊ ስልት»ን ልብ ብሎ የሚያዳምጥ ሰው ይህን ያገኘዋል፤ ከታች አጭሩ ሐረግ ሳይሰለች ይደጋገማል፣ የትንፋሽ መሣሪያዎቹ ዜማውን በአንድነት አውጥተው ይመለሳሉ፣ ኦርጋኑ ቦታ ሲያገኝ ይገባል፣ ማንም ማንንም አያጣድፍም። አድናቂዎች ይህን «ግሩቭ» ይሉታል፤ የአሜሪካ የፈንክና የሶል ተጽዕኖ እንዳለበትም በትክክል ይናገራሉ። ተጽዕኖው አለ። ነገር ግን ድግግሞሹን ያሠለጠነው የሸክላ ቅጂ ብቻ ሳይሆን መሄጃ የሌለው ታዳሚ ጭምር ይመስለኛል። በእርግጥ ታዳሚው ማን እንደነበር መዘንጋት የለበትም፤ ሒልተን የዲፕሎማቱ፣ የውጭ ዜጋውና የባለገንዘቡ ቤት ነበር። ከግንቡ ውጭ ያለው ሰው ይህን ሙዚቃ ያገኘው በሸክላና በካሴት ነው።

ቃል አለመኖሩስ? በዚያ ዘመን የዘፈን ግጥም በሳንሱር በኩል ያልፍ ነበርና ያለ ግጥም መጫወት ማምለጫ ነበር የሚል አስተያየት ይሰነዘራል። ማራኪ ሐሳብ ነው፤ ሆኖም ሙሉውን የሚገልጽ አይመስለኝም። የሆቴል ባንድ ራት ለሚበላ እንግዳ ገና ከማለዳው ምሽት ጀምሮ ለስለስ ያለ የመሣሪያ ሙዚቃ ማቅረብ ግዴታው ነው፤ ዘፋኞቹ የሚመጡት ዘግይተው ነው። የአማርኛ ተናጋሪም ለዚህ ዓይነቱ ሙዚቃ የራሱ ስም አለው። «ክላሲካል» ይለዋል። የውጭ አድናቂ በኃይሉ መርጊያ የ1985 ካሴት ርእስ ላይ «ክላሲካል» የሚል ቃል ሲያይ ባኽንና ሞዛርትን እየፈለገ ግራ ይጋባል፤ ለእኛ ግን ድምፃዊ የሌለበት ሙዚቃ ማለት ብቻ ነው። የመጠባበቂያ ሰዓት ሙዚቃ፣ ሬዲዮ በፕሮግራሞች መካከል የሚያጫውተው፣ ሰው በላዩ የሚያወራበት። ይህ መደብ ከፍ ተደርጎ የሚታይ አልነበረም። «ቼ በለው» ያደረገው ትልቅ ነገር ይህን የመካከል ሙዚቃ ወደ ፊት ማምጣቱ ነው።

ቅኔ በሚወድ ማኅበረሰብ ውስጥ ዘፈን በግጥሙ ይመዘናል፤ ሰምና ወርቁ ይፈታል፤ «ምን ማለቱ ነው?» ይባላል። ቃል የሌለውን ሙዚቃ የአገር ሰው የሚወደው ታዲያ ቃሉን ራሱ እየሞላ ነው። በአልበሙ ውስጥ ያለውን «ሎሚ ተራ ተራ»ን ማንም ኢትዮጵያዊ በባዶ ዜማነቱ አይሰማውም፤ ርእሱ ብቻ ሎሚ የሚወረወርበትን የጥምቀት ሜዳ ይጠራል። የውጭው አድማጭ ግን ያንኑ ድምፅ የሚሰማው በቅርጹ፣ በምቱና በአምስት ድምፅ ቅኝቱ እንግዳነት ነው። ሁለቱም አድናቆቶች እውነተኛ ናቸው። አንደኛው ሌላው የማይሰማውን ይሰማል፤ የአገሩ አድማጭ በቃሉ ትዝታ ተይዞ የቅንብሩን ጥበብ አንዳንድ ጊዜ የሚያልፈው መሆኑን መሸሸግ አያስፈልግም።

ኦርጋኑ ለሁለቱም የሚናገረው እንዴት እንደሆነ ትንሽ ማብራራት ይጠቅማል። የአማርኛ ድምፃዊ አንድን ድምፅ ይዞ ያንቀጠቅጠዋል፣ ያጥፈዋል፣ ወደ ቀጣዩ ሲሻገርም በመካከል ያለውን ይነካካዋል። ማሲንቆም ይህን ማድረግ ይችላል፤ ጣት በጅማቱ ላይ ይንሸራተታልና። የኦርጋን ቁልፍ ግን ድምፁ የተወሰነ ነው፤ አይታጠፍም፤ ጠንክረው ቢመቱትም ድምፁ አይጎላም። ኃይሉ መርጊያ ይህን እጦት የሚሞላው በፈጣን የጣት ጌጦች ነው፤ ከዋናው ድምፅ በፊት ጎረቤቱን ነክቶ ይመለሳል፣ ሐረጉ ሊያልቅ ሲል በትናንሽ ዙሮች ያርገበግበዋል። በወጣትነቱ አኮርዲዮን ተጫዋች እንደነበር የሚያውቅ ሰው በኦርጋኑም ውስጥ የወናፉን እስትንፋስ ይሰማል። አድናቂዎች «ኦርጋኑ ይዘፍናል» ሲሉ ማጋነናቸው አይደለም፤ የድምፃዊውን ሥራ ቃል በቃል ወርሶታል።

የውጭው ዝና የመጣበት መንገድ ግን ጠማማ ነው። በ1998 ዘ ዳክታሪስ የተባለ የኒውዮርክ ስቱዲዮ ቡድን «ሙዚቃዊ ስልት»ን ሲጫወት፣ አልበሙ በሰባዎቹ ናይጄሪያ ውስጥ የተሠራ እንዲመስል ተደርጎ ነበር የቀረበው። ዜማውን ከአዲስ አበባ ወደ ሌጎስ አዛወሩት ማለት ነው፤ ዘመን ብቻ ሳይሆን አገርም ተሳተ። በፍራንሲስ ፋልሴቶ የተዘጋጀው «ኢትዮፒክስ» የተሰኘው ተከታታይ ኅትመትና ሙላቱ አስታጥቄ በ2005 በወጣው «ብሮክን ፍላወርስ» ፊልም ያገኘው ዝና ብዙ ጆሮ ወደ አዲስ አበባ መለሰ። ቀጥሎ አውሰም ቴፕስ ፍሮም አፍሪካ የተባለው አሳታሚ፣ መሥራቹ ባሕር ዳር ላይ ያገኘውን የኃይሉን ካሴት በ2013፣ «ቼ በለው»ን በ2014 ዳግም አሳተመ።

በዚህ ሁሉ ውስጥ የተደጋገመው ታሪክ ዋልያስ በ1981 ከማሕሙድ አሕመድ ጋር ወደ አሜሪካ መሄዱ፣ ኃይሉን ጨምሮ ከአባላቱ ገሚሱ በዚያው መቅረታቸው፣ ኃይሉም ለዓመታት በዋሽንግተን አካባቢ ታክሲ ሲነዳ መኖሩ ነው። እውነት ነው፤ ልብም ይነካል። ነገር ግን የ«ተረሳና ተገኘ» ተረክ አንድ ችግር አለው። «ተረሳ» ማለት በማን? ከባሕር ዳር መደርደሪያ ላይ የተገኘ ካሴት ሻጭ ነበረው፤ ሻጭ ካለው ገዢም ነበረው። ተገኘ የሚለው ቃል እነዚያን ደንበኞች፣ ያለ ምንም ጽሑፍና ያለ ሽፋን ማብራሪያ ለሠላሳ ዓመት ያዳመጡትን፣ ከአድናቂዎች መዝገብ ይሰርዛቸዋል። አሳታሚው የሠራውን መልካም ሥራ አይቀንስም፤ የባንዱ አባላት ዳግም መድረክ ማግኘታቸውም ቀላል ነገር አይደለም። ይሁን እንጂ የአልበሙን አቀባበል የሚያጠና ተመራማሪ በ2014 መጀመር አይችልም።

ወደ አገር የተመለሱት የባንዱ አባላትም አሉ፤ ዮሐንስ ተኮላና ተማረ ሐረጉ። ስለ እነሱ የሚጻፈው ከቀሩት ጋር ሲነጻጸር እጅግ ጥቂት ነው። ሙዚቃዊ ስልትን የደረሰው ግርማ በየነ ደግሞ ከረጅም ዝምታ በኋላ፣ አካሌ ውቤ ከተባለው የፈረንሳይ ባንድ ጋር ሆኖ የሠራው አልበም በ2017 የ«ኢትዮፒክስ» 30ኛ ቅጽ ሆኖ ወጣ። በዚህኛው ላይ ይዘፍናል።