ሕመም ሰሚ ሲያጣ

ቦታው ሲያትል፣ የሃርበርቪው ሆስፒታል የቃጠሎ ክፍል ነው። የ16 ዓመቱ ልጅ እግሩ ተቃጥሎ ቆዳ ተተክሎለታል። አሁን የብረት ስፌቶቹ መነቀል አለባቸው። ሞርፊን ጋደም ላለ ሰው ደግ ነው፤ ቁስል ሲነካ ግን አቅም ያንሰዋል። ስለዚህ የተወሰነው ስፌት ሲነቀል ልጁ ኔንቲዶ 64 የተባለ የቪዲዮ ጨዋታ ይጫወታል፤ ሌላው ሲነቀል ደግሞ ዓይኑን የሚጋርድ የቨርቹዋል ሪያሊቲ መነጽር ያጠልቃል።

መነጽሩ ውስጥ ያለው ወጥ ቤት ነው። ለሕመም ተብሎ አልተሠራም። ተመራማሪው ሀንተር ሆፍማን ሸረሪት የሚፈሩ ሰዎችን ለማላመድ የተጠቀመበት ነበር። ሆፍማን የቃጠሎ ሕመምተኞችን በሂፕኖሲስ ይረዳ ከነበረው ከዴቪድ ፓተርሰን ጋር ሲገናኝ ግን ወጥ ቤቱ ሌላ ሥራ አገኘ። ልጁ ስለ ሕመሙ እያሰበ ያሳለፈው ጊዜ፣ 100 ነጥብ ባለው መለኪያ ላይ፣ ከኔንቲዶው ጋር ሲነጻጸር በ93 ነጥብ ወረደ። እ.ኤ.አ. በ2000 የታተመው ይህ ዘገባ የሁለት ልጆች ታሪክ ብቻ ነበር። በሁለት ልጅ ሳይንስ አይቆምም፤ ጥያቄ ግን ይነሣል።

ቀጥሎ ለተቃጠሉ ሰዎች የበረዶ ሸለቆ ተሠራላቸው፤ ስሙ ስኖው ወርልድ። ሕመምተኛው በሸለቆው መሐል ቀስ ብሎ እየተንሳፈፈ የበረዶ ሰዎችንና ፔንግዊኖችን በበረዶ ኳስ ይመታል። ቀስ ማለቱ ያለ ምክንያት አይደለም፤ ምስሉ ከፈጠነ መነጽሩ ራሱ ያጥወለውላል።

«ሕመምተኞቹ ቀለለን የሚሉት ሊያስደስቷችሁ ብለው ይሆናል» ለሚል ተጠራጣሪ መልሱ ከአንጎል መምጣት ነበረበት። ችግሩ፣ የአንጎልን ሥራ የሚያሳየው ኤምአርአይ ማሽን ብርቱ ማግኔት በመሆኑ ተራው መነጽር ወደ ውስጥ አይገባም። የሆፍማን ቡድን ምስሉን በመስታወት ክር የሚያስተላልፍ መነጽር ሠራ፤ የጤነኛ ፈቃደኞችንም እግር በሙቀት አሳመመ። እ.ኤ.አ. በ2004 እንዳሳተሙት፣ ሕመም ሲሰማ የሚነቁ አምስት የአንጎል ክፍሎች ሰውየው በረዶው ውስጥ ሲገባ ረገብ አሉ። ጨዋታ የያዘ ሰው በሩ ሲንኳኳ እንደማይሰማው፣ አንጎልም ትኩረቱ ሌላ ቦታ ተይዞ ነበር።

ካንሰር ላይ ግን ነገሩ እንዲህ አልቀለለም። በዱክ ዩኒቨርሲቲ ሱዛን ሽናይደርና ባልደረባዋ የጡት፣ የአንጀትና የሳንባ ካንሰር ላለባቸው 123 ሰዎች ኬሞ በሚወስዱበት ሰዓት መነጽሩን አጠለቁላቸው። ብዙዎቹ ወደዱት፤ ሰዓቱም ከእውነተኛው ርዝመት ያጠረ መሰላቸው። እ.ኤ.አ. በ2007 የወጣው ውጤት ግን ግልጽ ነው፦ ወዲያውም ሆነ ከሁለት ቀን በኋላ የሕመም ምልክቶቹ ያለ መነጽሩ ኬሞ ከወሰዱበት ጊዜ የተለየ መቅለል አላሳዩም። እኔ ከዚህ ሁሉ ታሪክ ይህን ውድቀት መሰል ውጤት አብልጬ እወደዋለሁ፤ ትኩረትን መስረቅ መነጽሩ ሲወልቅ የሚያልቅ ብድር ሊሆን እንደሚችል ያሳየው እሱ ነውና።

ከካንሰር ሕክምና በኋላ የሚቀረው ሕመም ደግሞ የሰዓታት ጉዳይ አይደለም። ፓክሊታክሴል የተባለውን የኬሞ መድኃኒት የወሰደች ሴት ጣቶቿ ደንዝዘው የሸሚዝ ቁልፍ መቆለፍ ያቅታታል። ኦክሳሊፕላቲን የተባለውን ሌላ የኬሞ መድኃኒት የወሰደ ሰው ከፍሪጅ ጠርሙስ ሲያነሣ ቅዝቃዜው እንደ መርፌ ይወጋዋል። ጡቷን በቀዶ ሕክምና ያጣች ሴት ክንዷን ወደ ላይኛው መደርደሪያ መዘርጋት ትፈራለች፤ ባልተዘረጋ ቁጥር ደግሞ ትከሻው ይደርቃል።

ስለዚህ አንዳንዶች ከማዘናጋት ወደ ማለማመድ ዞሩ። ኒው ጀርሲ ያለ ቡድን ከጡት ቀዶ ሕክምና በኋላ ክንዳቸውን የሚያማቸው ስድስት ሴቶችን በሮቦት በሚንቀሳቀስ ጠረጴዛ ፊት አስቀመጠ። ክንዳቸውን ጠረጴዛው ላይ አሳርፈው እያንሸራተቱ፣ ስክሪኑ ላይ ጨዋታ እየተጫወቱ ስምንት ሳምንት ሠሩ። ሕመሙ ቀነስ አለ፤ ድብርታቸው ግን ይበልጥ ቀለለ። ሴቶቹ ስድስት ብቻ መሆናቸውን አልረሳሁም። እ.ኤ.አ. በ2021 የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር ለቆየ የወገብ ሕመም የፈቀደው መነጽርም በዚሁ መንገድ ይሠራል፦ የሰውየውን ትንፋሽ ወደ ማይክሮፎን እየመራ በጥልቀት መተንፈስን ያለማምዳል።

ከዚያ የ2024ቱ ጥናት መጣ። ዋሽንግተን ዲሲ፣ ሜድስታር ሆስፒታል ውስጥ፣ ሕመማቸው መካከለኛ ወይም ብርቱ የሆነ 128 የካንሰር ታካሚዎች በዕጣ ተከፈሉ። ግማሾቹ ለ10 ደቂቃ መነጽር አጠለቁ፤ ሌሎቹ ለ10 ደቂቃ በታብሌት የሚያረጋጋ ምስል አዩ። ሁለቱም ቀለላቸው፤ መነጽር ያጠለቁት ግን ይበልጥ። ያልተጠበቀው በማግስቱ ታየ። ከ10 በሚቆጠረው የሕመም መለኪያ፣ ከ24 ሰዓት በኋላ የታብሌቶቹ ቅናሽ ወደ 0.3 ሲወርድ የመነጽሮቹ 1.7 ላይ ነበር። መነጽሩ ከወለቀ ቆይቷል፤ ስለዚህ «ትኩረት ተሰርቆ ነው» የሚለው ማብራሪያ ብቻውን አይበቃም።

እነዚህ ግን ሆስፒታል የተኙ ሰዎች ናቸው፤ የተለካውም አንድ ቀን ነው። ጣቷ ከደነዘዘ ሁለት ዓመት ለሆናት ሴት ወራት የሚቆይ ጥናት ያስፈልጋል። እኔ ብጠየቅ የኒው ጀርሲውን ጠረጴዛ ከዋሽንግተኑ መነጽር ጋር አጣምሬ እጀምር ነበር።