ብልሽቱን ወይስ ውጤቱን? በረራ 302 ስለ ቴክኒክ ፍተሻ የሚነግረን



አዲስ ሥርዓት ገና በመሠራት ላይ ሳለ እንዴት እንደሚፈተሽ ለማስረዳት ምሳሌዬን ከቅርብ ወስጃለሁ። መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም. ከቦሌ የተነሳው የኢትዮጵያ አየር መንገድ ቦይንግ 737 ማክስ ከስድስት ደቂቃ በኋላ ተከሰከሰ፤ 157 ሰዎችም አለቁ። አምስት ወር ሳይሞላ ቀደም ብሎ የላየን ኤር ማክስ ጃቫ ባሕር ውስጥ ወድቆ 189 ሰዎች ሞተው ነበር።

የማክስ ሞተሮች ትልልቅና ወደ ፊት ወጣ ብለው የተገጠሙ በመሆናቸው አፍንጫው አንዳንድ ጊዜ ከሚፈለገው በላይ ቀና ይላል። ኤምካስ የተባለው ሶፍትዌር የጅራቱን አግድም ክንፍ አዘንብሎ አፍንጫውን ይመልሳል። በመጀመሪያው ንድፍ የሚሠራው በከፍተኛ ፍጥነት ብቻ፣ ሁለት የተለያዩ መለኪያዎች ሲስማሙ ነበር፤ ወሰኑም 0.6 ዲግሪ። በ2016 እ.ኤ.አ. በሙከራ በረራ በዝቅተኛ ፍጥነትም እንደሚያስፈልግ ሲታይ ወሰኑ ወደ 2.5 ዲግሪ ከፍ አለ፤ አንደኛው መለኪያም ቀረ። ከዚያ በኋላ ሥርዓቱ የአየር ፍሰትን ማዕዘን በሚለካ አንድ ሴንሰር ላይ ብቻ ተንጠለጠለ። በአፍንጫው ግራና ቀኝ ሁለት ሴንሰሮች ነበሩ፤ ሶፍትዌሩ የሚያዳምጠው ግን አንዱን ነው።

የኮንክሪት ቅይጥ ከተቀየረ የ28 ቀኑ የጥንካሬ ሙከራ እንደሚደገም የግንባታ ተማሪ ሁሉ ያውቃል። እዚህ ግን ቅይጡ ተቀይሮ የአደጋ ትንተናው እንደ አዲስ በሙሉ አልተሠራም።

ከሁሉ የሚከብደኝ ቀጣዩ ነው። ቦይንግ ኤምካስ ያለአግባብ ቢሠራ አብራሪው ምን እንደሚያደርግ በሲሙሌተር ሞክሯል። የሞከረው ግን ውጤቱን ብቻ ነው፤ ያንን ውጤት የሚያመጣውን የሴንሰር ብልሽት አላስመሰለም። የአሜሪካ ብሔራዊ የትራንስፖርት ደህንነት ቦርድ በመስከረም 2012 ዓ.ም. ያመለከተው ይህንኑ ነው። ልዩነቱ ምንድን ነው? ሴንሰር ሲሳሳት ብቻውን አይሳሳትም። በበረራ 302 የግራው ሴንሰር 74.5 ዲግሪ ሲል የቀኙ 15 አካባቢ ነበር። የካፒቴኑ መሪ ያለማቋረጥ ይንቀጠቀጣል፤ የግራና የቀኝ የፍጥነትና የከፍታ ንባቦች አይስማሙም፤ በዚህ ሁሉ መሐል ኤምካስ አፍንጫውን ወደ ታች ይገፋል። አብራሪው በሰከንዶች ውስጥ ያርመዋል የሚለው ግምት የተወሰደው ይህ ሁካታ በሌለበት ነው። (ተማሪዎቼ «ተጠቃሚው ያስተካክለዋል» ብለው ሲጽፉ በቀይ የማሰምርበት ስለዚህ ነው።) የእኛ አብራሪዎች የክንፉን የኤሌክትሪክ ኃይል ማቋረጣቸውን የመጀመሪያው የምርመራ ሪፖርት ያሳያል፤ በእጅ ሊመልሱት ሲሞክሩ ግን አልሠራላቸውም።

የታደሰው ሶፍትዌር ሁለቱን ሴንሰሮች ያነጻጽራል፤ ካልተስማሙ አይሠራም። አብራሪዎችም በሲሙሌተር ይሠለጥናሉ። የአየር መንገዳችን ማክስ ዳግም ተሳፋሪ ይዞ የበረረው ጥር 24 ቀን 2014 ዓ.ም. ነው።