ያውቁ ኖሯል? የተርብ ቀዳዳ ቀድሞ አይደፈንም

ተርብ በግድግዳዎ ውስጥ ጎጆ ሠርቶ ከሆነ፣ የሚመላለስበትን ቀዳዳ በሲሚንቶ ወይም በጭቃ መድፈን መንጋውን ወደ መኝታ ቤትዎ ሊያስገባው ይችላል።

ወረቀት ሠሪ ተርቦች ጎጆአቸውን የሚሠሩት ደረቅ እንጨት በመንጋጋቸው እየፋቁ፣ በምራቃቸው እያላቆጡ ነው። በቆየ የእንጨት አጥር ላይ የሚያዩአቸው ነጣ ያሉ ቀጫጭን ጭረቶች የዚህ ሥራ ምልክት ሊሆኑ ይችላሉ። መውጫ ሲያጡ በዚያው መንጋጋ የላላ ልስንና ስስ ኮርኒስ ሊቦረቡሩ ይችላሉ። ቆየት ባሉ የጭቃ ቤቶች ደግሞ ልስኑ ከእንጨቱ ሲለቅ የሚፈጠረው ክፍተት እስከ ኮርኒሱ ሊዘልቅ ይችላል።

ቀዳዳው የሚደፈነው መንጋው ካለቀ በኋላ ነው። መንጋውን የሚያጠፋው ፀረ ተባይ የሚደረገው ከመሸ ነው፤ ቀን የወጡት ሁሉ ተመልሰው ጎጆ የሚገቡት ያኔ ነውና። እባክዎ ነጭ ጋዝ አርከፍክፈው እሳት አይለኩሱ፤ ጎጆው ወረቀት፣ ግድግዳውም እንጨትና ጭድ ነው። ንብ ሰውን አንዴ ነድፋ መርፌዋን ትታ ትሞታለች፤ ተርብ ግን ደጋግሞ ይናደፋል። ከተነደፉ በኋላ ፊትዎ ወይም ጉሮሮዎ ካበጠ፣ ትንፋሽም ካጠረዎ ሳይዘገዩ ወደ ሐኪም ቤት ይሂዱ።

ግድግዳው ላይ የተለጠፈ የጭቃ ቱቦና የምትመላለስበት አንዲት ተርብ ብቻ ካዩ ግን ብዙም አይስጉ። የጭቃ ሠሪዋ ተርብ ቤት ነው፤ መንጋ የላትም፣ ካልተያዘች በቀር እምብዛም አትናደፍም፤ በውስጡ የምታከማቸውም ብዙውን ጊዜ ለልጆቿ ያደነዘዘቻቸውን ሸረሪቶች ነው።