ለከባድ ሌንስ አንድ እግር፦ ሞኖፖድና ሄድ ስንመርጥ

አደይ አበባው ረግፎ ጥቅምት ሲገባ የስምጥ ሸለቆ ሐይቆቻችን እንግዳ መቀበል ይጀምራሉ። የአውሮፓንና የእስያን ብርድ የሸሹ ወፎች በዝዋይ፣ በአብያታና በሐዋሳ ዳርቻዎች ይሰፍራሉ። ቅዳሜና እሑድ ልጆቻቸውን ይዘው ወደዚያ ከሚወርዱት የከተማ ቤተሰቦች መካከል ከስልክ ካሜራ አልፈው ረጅም ሌንስ ያንጠለጠሉ ጥቂት አይደሉም።

ችግሩ የሚመጣው ከግማሽ ሰዓት በኋላ ነው። ክንድ ይዝላል፣ ትከሻ ይቆጠቁጣል፣ ፎቶዎቹም ይደበዝዛሉ። ብዙ ገንዘብ የወጣበት ሌንስ በሦስተኛው ጉዞ ቁም ሳጥን ውስጥ ይቀራል። መፍትሔው ብዙ ጊዜ ሌላ ሌንስ መግዛት ሳይሆን ያለውን ከሥር የሚደግፍ አንድ እግር፣ ማለትም ሞኖፖድ መያዝ ነው።

ክብደቱና ንቅናቄው

የሶኒ 200-600 ሚሊ ሜትር ሌንስ ብቻውን 2.1 ኪሎ ግራም ገደማ ይመዝናል፤ የኒኮን 200-500 ደግሞ 2.3 ኪሎ ገደማ። ካሜራው ሲጨመርበት ወደ 3 ኪሎ ይጠጋል። ሦስት ኪሎ ሽንኩርት ከገበያ በዘንቢል ይዞ መምጣት ቀላል ነው። ያንኑ ክብደት ዓይን ፊት አንሥቶ አሥር ደቂቃ መጠበቅ ግን ሌላ ነገር ነው።

ሌንሱ በረዘመ ቁጥር የእጅ መንቀጥቀጥም አብሮ ይጎላል። የቆየው የፎቶግራፍ አንሺዎች ልማድ በ500 ሚሊ ሜትር ሌንስ ቢያንስ በ1/500 ሰከንድ ፍጥነት አንሡ ይላል። ሜዳ ላይ በጠራራ ፀሐይ ይህ አያስቸግርም። በመናገሻ ሱባ ጫካ ጥላ ሥር ጉሬዛ ለማንሣት ሲሞክሩ ግን ብርሃኑ ለዚያ ፍጥነት አይበቃም።

ሞኖፖድ ክብደቱን ከክንድዎ ወደ መሬት ያወርዳል፤ የላይና ታች ንቅናቄውን ይቀንሳል። የጎንና ጎን መወዛወዙን ግን ሙሉ በሙሉ አያስቀርም፤ የሚሮጥ ልጅ ወይም የሚበር ወፍም አያቆምም። ለዚያ አሁንም ፈጣን ሹተር ያስፈልጋል። ጥቅሙ ሰው በተጨናነቀበት ቦታ ይታያል፦ የጥምቀት ሰልፍ፣ የትምህርት ቤት የስፖርት ቀን፣ የሩጫ ውድድር ዳር። እዚያ ባለ ሦስት እግሩ ትራይፖድ የሰው መሰናከያ ይሆናል።

ምሰሶውን ሲመርጡ

በመጀመሪያ ቁመት። ሄዱና ካሜራው ከላይ ሲጨመሩ የካሜራው መመልከቻ ቀጥ ብለው በቆሙበት ዓይንዎ ጋ መድረስ አለበት። ከዚያ ላይ 10 ወይም 15 ሳንቲ ሜትር ትርፍ ይፈልጉ። ዛፍ ላይ ያለ ወፍ ሲያነሡ ሌንሱ ወደ ላይ፣ መመልከቻው ደግሞ ወደ ታች ይሄዳል፤ ቁልቁለት ላይ ሲቆሙም እግሩ ከእርስዎ በታች ያርፋል። ባልና ሚስት የሚጋሩት ከሆነ በረጅሙ ሰው ይለኩ፤ አጭሩ ያሳጥረዋል።

ቀጥሎ የክፍሎቹ ብዛት። ባለ 3 ክፍል ምሰሶ ጠንካራ ነው፤ ሲታጠፍ ግን ይረዝማል። ባለ 5 ክፍሉ ቦርሳ ውስጥ ይገባል፤ የታችኛው ክፍል ግን ቀጭን ስለሚሆን ከባድ ሌንስ ሲጫነው ይለመጣል። ለአብዛኛው ቤተሰብ ባለ 4 ክፍሉ መካከለኛ ምርጫ ነው።

የመሸከም አቅሙንስ? ሙያዬ ማርኬቲንግ ነው፤ ማሸጊያ ላይ በትልቁ የሚጻፍ ቁጥር የሚሸጥ ቁጥር መሆኑን አውቃለሁ። «10 ኪሎ ይሸከማል» ማለት አሥሩን ኪሎ ሳይንቀጠቀጥ ይይዛል ማለት አይደለም። ስለዚህ ካሜራዎና ሌንስዎ 3 ኪሎ ከሆኑ ቢያንስ 6 ኪሎ የሚልበትን ይፈልጉ፤ ከዚያም ሱቁ ውስጥ ሙሉ በሙሉ ዘርግተው በሁለት እጅዎ ከላይ ወደ ታች ይጫኑት። መቆለፊያው ከተንሸራተተ ዋጋው ምንም ያህል ቢረክስ ይተዉት።

ካርቦን ፋይበር ወይስ አሉሚኒየም? ካርቦን ይቀላል፤ ከ4,000 ሜትር በላይ ባለው የሳነቴ አምባ ቀይ ቀበሮ ፍለጋ በማለዳ ለሚወጣ ሰው ደግሞ እንደ ብረት እጅ አያቀዘቅዝም። አሉሚኒየም ይረክሳል። በአንድ እግር ላይ ግን የክብደት ልዩነታቸው ያን ያህል አይደለም። በጀትዎ ውስን ከሆነ አሉሚኒየሙን ገዝተው የተረፈውን ለሄዱ ያውሉት።

ሄዱ ላይ አይቆጥቡ

ሄድ የምንለው ምሰሶው ጫፍ ላይ ተገጥሞ ሌንሱን የሚይዘውን ክፍል ነው። ያለ እሱም ሌንሱን ቀጥታ ማሰር ይቻላል፤ ነገር ግን ወደ ላይ ወይም ወደ ታች ለማየት ምሰሶውን ራሱን ማዘንበል ይኖርብዎታል።

ብዙ ሰው ቤት ያለው ቦል ሄድ የሚባለው፣ በኳስ ላይ ወደ ሁሉም አቅጣጫ የሚዞረው ነው። ለትንሽ ሌንስ ጥሩ ነው። ከባዱን ሌንስ ጭነው ካላሉት ግን በድንገት ወደ ጎን ይወድቃል፤ ጣትም ይቆነጥጣል።

ለሞኖፖድ የሚስማማው ቲልት ሄድ ነው። የሚንቀሳቀሰው ወደ ላይና ወደ ታች ብቻ ነው፤ ያም ይበቃል። ግራና ቀኝ ለመዞር ምሰሶውን እንዳለ ያዞሩታል። ፎቶውን ለማቆም ደግሞ በሌንሱ ወገብ ላይ ያለውን ቀለበት ላላ አድርገው ሌንሱን ያሽከረክራሉ። ጊምባል የሚባለው ትልቁ ሄድ ከባድ ሌንስን ሚዛን ጠብቆ ይይዛል፤ ይሁንና ራሱ ከባድና ውድ ስለሆነ ይበልጥ የሚመቸው ለትራይፖድ ነው።

አንድ ነገር ከመክፈልዎ በፊት ያረጋግጡ። በካሜራ ሥር የሚታሰር ፕሌት ብዙውን ጊዜ አግድም ይገባል፤ በሌንስ እግር ላይ የሚታሰረው ግን በሌንሱ ርዝመት ነው። ስለዚህ የሄዱ መያዣ 90 ዲግሪ የሚዞር መሆን አለበት። ካልዞረ ሌንሱ ወደ ላይና ታች በመንቀሳቀስ ፈንታ ወደ ጎን ይጋደማል።

ማሰሪያው

ምንጊዜም የሚታሰረው የሌንሱ እግር እንጂ ካሜራው አይደለም። ካሜራውን ካሰሩ የሌንሱ ክብደት ሁሉ በመጋጠሚያው ላይ ይንጠለጠላል። የምሰሶው ብሎን 3/8 ወይም 1/4 ኢንች ነው፤ ከሄዱ ጋር ካልገጠመ ትንሽ ማስማሚያ ቀለበት ይሸጣል። ፕሌቱ አርካ ስዊስ በሚባለው ቅርጽ የተሠራ ቢሆን በኋላ ሌላ ሄድ ሲገዙ አይቸገሩም። ጫፍና ጫፉ ላይ ማገጃ ብሎን ያለው ከሆነ መያዣው ቢላላ እንኳ ሌንሱ ተንሸራቶ አይወድቅም።

አባቴ ጡረታ ከወጡ ጀምሮ ወፍ ማየት ይወዳሉ፤ የቀኝ ትከሻቸው ግን ሌንስ ማንሣት አልፈቀደላቸውም ነበር። አሁን ምሰሶውን የልጅ ልጃቸው ትዘረጋለች፣ እሳቸው ያነሣሉ። ፎቶው እንዲጠራ ብለን የገዛነው ዕቃ አያትና የልጅ ልጅን የጋራ ሥራ ሰጣቸው።

አያያዙ

የምሰሶውን እግር ከእርስዎ ትንሽ ፊት አድርገው ይትከሉ፤ ሁለት እግርዎን ከፈት አድርገው ወደ ምሰሶው በቀስታ ይደገፉ። ያን ጊዜ የእርስዎ ሁለት እግርና የምሰሶው አንድ እግር ሦስት ይሆናሉ። ግራ እጅዎን ሌንሱ ላይ ያሳርፉ፣ የካሜራውን ማንገቻ አንገትዎ ላይ ያድርጉ። ሞኖፖድ ብቻውን አይቆምም፤ በተለይ ልጆች በሚሯሯጡበት ቦታ ለቅጽበትም አይልቀቁት።

ዕቃውን ከውጭ የሚመጣ ዘመድ እንዲያመጣልዎ ከሆነ «ጥሩ ሞኖፖድ» ብቻ አይበሉት። የካሜራዎንና የሌንስዎን ክብደት፣ የራስዎን ቁመት፣ የሄዱን ዓይነትና ምሰሶው ሲታጠፍ ሻንጣው ውስጥ የሚገባበትን ርዝመት ጽፈው ይላኩለት። እዚሁ የሚገዙ ከሆነ ደግሞ ሌንስዎን ይዘው ይሂዱ፤ ባለሱቁ ፊት አስረው፣ ዘርግተውና ተደግፈው ሳይሞክሩ አይክፈሉ።