ለዐይነ ስውራን ጽሑፍን በድምፅ የሚያነብ መሣሪያ

ዐይኑ የደከመ አባት ከሩቅ አገር ካለው ልጁ ደብዳቤ ሲደርሰው፥ የቤቱን ምሥጢር ለአንባቢ ሳይገልጥ ሊያውቀው አይችልም ነበር። አሁን ግን በኮምፒዩተር የተጻፈውን ሁሉ በድምፅ የሚያነብ፥ ዋጋም የማይጠየቅበት መሣሪያ አለ። ይኸውም ኤንቪዲኤ የተባለው ነው። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2006 ዓ.ም. ማይክል ከረን በአውስትራልያ ጀመረው፤ ጄምስ ቴህም ተባበረው። ሁለቱም ዐይነ ስውራን ስለ ሆኑ ችግሩን በወሬ ሳይሆን በራሳቸው ያውቁታል።

መሣሪያው የሚጽፈውንም ሰው ፊደሉንና ቃሉን እየጠራ ስለሚያሰማው፥ ጸሐፊው ስሕተቱን በጆሮው ሰምቶ ያርማል። አብሮት የሚገኘው ኢስፒክ ኤንጂ የተባለው ድምፅ ከሚናገራቸው ቋንቋዎች አንዱ አማርኛ ነው፤ ነገር ግን ደረቅ ነው፥ የሰው ለዛ የለውም። ከዚህም የሚብሰው፥ ፊደላችን የሚጠብቀውን ከሚላላው ለይቶ አለማሳየቱ ነው። «ወንድምህ አለ» የሚል ቃል ቢገኝ፥ ወንድሙ በሕይወት መኖሩን ወይም አንድ ነገር መናገሩን ከፊደሉ ብቻ መለየት አይቻልም። ሰው ግን በነገሩ አካሄድ ያውቀዋል፤ ስለዚህ ሰሚው ያልገባውን ቃል ደግሞ ያስነብበው።

ይህን መሣሪያ ለሽማግሌ አባታቸው የሚያስገቡ ልጆች፥ የመጀመሪያውን ሳምንት አጠገቡ ተቀምጠው ቁልፎቹን ቢያስለምዱት መልካም ይመስለናል፤ ደብዳቤው ሲነበብ ግን ይውጡለት።